«ኬቭ ስቶሪ» በትዝታ ብቻ የቆመ ጨዋታ አይደለም፦ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ኬቭ ስቶሪ» በተባለው የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የተጻፈ አንድ ረጅም ትችት አነበብሁ። ጸሐፊው ጨዋታውን ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ተጫውተው የደረሱበት ድምዳሜ፣ ዝናው የመነጨው ከጥራቱ ሳይሆን ከተጫዋቾቹ የልጅነት ትዝታ ነው የሚል ነው። ለዚህም ስድስት ምክንያት ያቀርባሉ። ሥዕሉ የድሮ ኮንሶሎች ግልባጭ ነው፤ እንቅስቃሴው ያንሸራትታል፤ የመሣሪያዎቹ የደረጃ ሥርዓት ደካማውን ተጫዋች ይበልጥ ያደክማል፤ እውነተኛው ፍጻሜ ማንም በራሱ ሊደርስበት በማይችል ስውር ምርጫ ተቆልፏል፤ ታሪኩ ስስ ነው፤ በመጨረሻም የታደሱ እትሞች ባሉበት ዘመን የ2004ቱን መጫወት ከንቱ ድካም ነው። ትችቱ በጥንቃቄ የተጻፈ በመሆኑ ምላሹም ነጥብ በነጥብ ቢሆን ይገባዋል። አንዳንዱን እቀበላለሁ፤ አብዛኛውን ግን አልቀበልም። ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ስለምጠቅስ ጨዋታውን ገና ያልጨረሰ አንባቢ ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። «ኬቭ ስቶሪ»ን የሠራው «ፒክስል» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ዳይሱኬ አማያ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው፣ ሥዕሉን የሣለው፣ ታሪኩን የደረሰው፣ ሙዚቃውንም ያቀናበረው ብቻውን ሲሆን ሥራው በትርፍ ጊዜው አምስት ዓመት ያህል ወስዶበታል። ጨዋታው በዲሴምበር 20 ቀን 2004 በዊንዶውስ ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች በነፃ ተለቀቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ኢዮን ጀነሲስ የተባለ የአፍቃሪ ተርጓሚዎች ቡድን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ከጃፓን ውጭ ያገኘው ዝናም በዚያ ተስፋፋ። ተጫዋቹ በሰማይ ላይ በተንሳፈፈች ደሴት ዋሻ ውስጥ፣ ማን እንደ ሆነ ሳያስታውስ የሚነቃ ሮቦት ሆኖ ይጀምራል። በደሴቲቱ ሚሚጋ የተባሉ ጥንቸል መሳይ ፍጡራን ይኖራሉ። ዶክተር ተብሎ ብቻ የሚጠራ ሰው ደግሞ የአጋንንት ዘውድ ደፍቶ፣ ሚሚጋዎቹን የሚያሳብድ ቀይ አበባ እያበላ ሠራዊቱ ሊያደርጋቸው ይጥራል።

ስለ ሥዕሉ ጸሐፊው የሚሉት፣ ጨዋታው የ1980ዎቹን የኒንቴንዶ ኮንሶል ኮርጆ ድህነቱን እንደ ጌጥ ያቀርባል ነው። ከሩቅ ላየው እውነት ይመስላል። ሆኖም የዚያ ኮንሶል ሥዕል መልክ የያዘው በማሽኑ ገደብ ነበር፤ ስክሪኑ 256 በ240 ነጥብ ነው፤ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ሦስት ቀለም ነው፤ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ምስሎች ሲደረደሩም ትርፎቹ ይጠፋሉ ወይም ይብለጨለጫሉ። «ኬቭ ስቶሪ» ከእነዚህ ገደቦች አንዱንም አያከብርም። በ320 በ240 ነጥብ ይሠራል፤ ቀለሙን እንደ ፈለገ ያዋህዳል፤ ስክሪኑ በጥይት፣ በፍንዳታ፣ በጉዳት ቁጥሮችና በሚነጥሩ ክሪስታሎች ሲሞላም አንዱም ከዓይን አይጠፋም። ግልባጭ ቢሆን ኖሮ ገደቡም አብሮ ይገለበጥ ነበር። አማያ ከድሮዎቹ የወሰደው መጠኑን ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚያርፈው በ16 በ16 ነጥብ ካሬ ላይ ነው፤ ወለሉ፣ ግድግዳውና እሾሁም በዚያው ልክ ካሬ የተሰደሩ ናቸው። በዚህ ምክንያት ተጫዋቹ አንድ ገደል በዝላይ የሚታለፍ መሆን አለመሆኑን ገና ሳይዘል በዓይኑ ይለካል። ብቻውን የሚሠራ ሰውም ደርዘን አካባቢዎችንና በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎችን ሥሎ መጨረስ የሚችለው በእንዲህ ዓይነቱ መጠን ነው። ሙዚቃውም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። አማያ ኦርጋኒያ የተባለ የራሱን የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ጽፎ፣ በስምንት የዜማና በስምንት የከበሮ ትራክ ብቻ መላውን ጨዋታ አቀናበረ። ጸሐፊው ስለ ሙዚቃው አንድ ቃል አለመናገራቸው አስገርሞኛል፤ ጨዋታውን የሚጠሉ ሰዎች እንኳ ብዙ ጊዜ ይህን አያልፉትም።

ስለ እንቅስቃሴው ብዙ አልልም። ሮቦቱ ሲሮጥ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ሲቆምም ጥቂት ይንሸራተታል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የዝላዩ ከፍታ ቁልፉ ተጭኖ በቆየበት መጠን ይወሰናል፤ በአየር ላይ እያለም አቅጣጫውን መቀየር ይቻላል። ተጫዋቹ መንሸራተቱን የሚያርምበት ነገር ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በእጁ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ዋሻም ያለ ጠመንጃ፣ በሦስት ነጥብ ሕይወት ብቻ፣ እሾህ እየዘለሉ የሚያልፉት በመሆኑ ይህን የሚያስተምረው አንድ የመመሪያ ዐረፍተ ነገር ሳይጽፍ ነው። ዜድን ለመዝለል፣ ኤክስን ለመተኮስ የመደበው የቁልፍ አቀማመጥ እጅ ያደክማል የሚለውን ግን እቀበላለሁ።

በዚሁ ክፍል ጸሐፊው በቅንፍ ያህል ጣል ያደረጉት ሌላ ክስ አለ፤ ጨዋታው «ሜትሮይድ» የተባለውን የድሮ የኒንቴንዶ ጨዋታ ለመሆን ሞክሮ ያልቻለ ነው ይላሉ። አማያ ለ«ሜትሮይድ» ያለውን ፍቅር አልደበቀም። ሆኖም የ«ሜትሮይድ» ዓለም አንድ ትልቅ የተጠላለፈ ካርታ ሲሆን፣ የ«ኬቭ ስቶሪ» አካባቢዎች በአብዛኛው በማጓጓዣ መሣሪያ የሚገናኙ፣ በቅደም ተከተል የሚታለፉ የታሪክ ምዕራፎች ናቸው። ያልሞከረውን ነገር አልቻለም ማለት ክስ አይሆንም።

የመሣሪያዎቹ ሥርዓት ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ጠላት ሲወድቅ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ክሪስታሎች ይበትናል፤ ተጫዋቹ ሲለቅማቸው በእጁ የያዘው መሣሪያ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 3 ያድጋል። ሲመታ ደግሞ ከሕይወቱ ጋር የመሣሪያው ኃይልም ይቀንሳል። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው፣ የተሸነፈ ሁለት ጊዜ ይከስራል፣ ስለዚህም ጨዋታው ደካማውን ይቀጣል ይላሉ። ገለጻው ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ሦስት ነገሮችን ዘልሏል። አንደኛ፣ ጉዳቱ የሚነካው በዚያች ቅጽበት በእጅ ያለውን መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ደረጃቸውን እንደ ያዙ ይቆያሉ። ስለዚህ መትቶ መሸሽ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛውን መሣሪያ በእጄ ይዤ ልመታ የሚለውም ውሳኔ ነው። ሁለተኛ፣ ክሪስታሎቹ ጠላቱ በወደቀበት ቦታ እየነጠሩ ቆይተው ይጠፋሉ። ከሩቅ ሆኖ በጥንቃቄ የሚተኩስ ተጫዋች ደኅንነቱን ይጠብቃል፤ መሣሪያው ግን አያድግም። ወደ አደጋው የሚጠጋ ብቻ ያተርፋል። ሦስተኛ፣ የጠፋው ደረጃ በጥቂት ጠላቶች ይመለሳል፤ ብዙ ክፍሎችም ተጫዋቹ ከመግባቱ በፊት መሣሪያውን የሚሞላባቸው ቀላል ጠላቶች አሏቸው።

ሥርዓቱ ምን ያህል እንደ ታሰበበት ከሁሉ በላይ የሚታየው በልዩ መሣሪያዎቹ ነው። መትረየሱ ደረጃ 3 ሲደርስ ወደ ታች የተኮሰውን ተጫዋች ሽቅብ ያነሣዋል፤ እየተኮሰ ይበራል ማለት ይቻላል። በዚህ በረራ መካከል የተመታ ሰው ደረጃው ይወርድና እርሱም ከአየር ይወርዳል። እዚህ ላይ የደረጃ መቀነስ በስክሪኑ ጥግ የተጻፈ ቁጥር ሳይሆን በሰውነት የሚታወቅ መውደቅ ነው። ስፐር የተባለው ጠመንጃ ደግሞ ክሪስታል አይፈልግም፤ ቁልፉን ተጭኖ በመያዝ ይሞላል። ኔሜሲስ የሚባለው መሣሪያ ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል፤ በደረጃ 1 እጅግ ኃይለኛ ነው፣ ክሪስታል በተለቀመ ቁጥር ይደክማል፣ በደረጃ 3 የላስቲክ ዳክዬ ይተኩሳል። ይህን መሣሪያ የያዘ ሰው ሽልማቱን መሸሽ አለበት። ደካማውን ለማድከም ብቻ የተዘጋጀ ሥርዓት እንዲህ ያለ ቀልድ በራሱ ላይ አይቀልድም።

ኔሜሲስ የሚገኝበት መንገድ ወደ አራተኛው ነጥብ ያሻግረናል፤ የትችቱ እምብርትም ይኸው ነው። ላቢሪንት በተባለው አካባቢ ውስጥ ፕሮፌሰር ቡስተር ከከፍታ ይወድቃል። ተጫዋቹ ቀርቦ ካናገረው ቡስተር 0.8 የተባለውን የመብረሪያ መሣሪያ ሰጥቶት ይሞታል። ሰፊውን ገደል በትክክለኛ ዝላይ ተሻግሮ ሳያናግረው ካለፈ ግን ፕሮፌሰሩ ይተርፋል፤ በኋላም አርተር በተባለ ሚሚጋ ቤት ተገኝቶ የተሻለውን ቡስተር 2.0 ይሰጠዋል። ያለዚህኛው ደግሞ ወደ መጨረሻው ስውር አካባቢና ወደ ሙሉው ፍጻሜ መድረስ አይቻልም። ጸሐፊው ይህን ክህደት ይሉታል፤ የወደቀን ሰው መርዳት የሚቀጣበት፣ ጥሎ ማለፍ የሚሸለምበት ጨዋታ ሥነ ምግባሩም ንድፉም የተበላሸ ነው ባይ ናቸው።

ይህን ክስተት ብቻውን ነጥሎ ለሚመለከተው ክሱ ያሳምናል። በጨዋታው ውስጥ ከሚደረጉ ሌሎች ስጦታዎች ጎን ሲያስቀምጡት ግን መልኩ ይለወጣል። የመጀመሪያው ጠመንጃ ፖላር ስታር የሚገኘው ተኝቶ ካለ ጠመንጃ ሠሪ ቤት ነው፤ ተጫዋቹ ሳያስፈቅድ ወስዶ ይሄዳል። ከርሊ ብሬስ የተባለችው ሮቦት በአሸዋው ክፍል መትረየሷን በፖላር ስታር እንለዋወጥ ትለዋለች። መትረየሱ በዚያ ሰዓት የሚያጓጓ ነው፤ ነገር ግን ልውውጡን እምቢ ብሎ የመጀመሪያውን ጠመንጃ እስከ መጨረሻው የያዘ ብቻ ነው ወደ ባለቤቱ ተመልሶ ስፐርን የሚያገኘው። ኔሜሲስም የሚገኘው በሰይፍ ልዋጭ ነው፤ ያ ሰይፍ ደግሞ ኪንግ የተባለው ሚሚጋ ሲሞት ትቶለት ያለፈው ነው። ካዙማ የተባለ ሰው በሰማይ ዘንዶ ላይ ሆነን ከደሴቲቱ እንሽሽ ብሎ ይጋብዘዋል፤ እሺ ካለ ጨዋታው በዚያው ያበቃል፣ ሚሚጋዎቹም በዶክተሩ እጅ ይቀራሉ። ከርሊ ደግሞ ሁለቱም ውኃ ውስጥ ሊሰጥሙ ሲሉ የራሷን የአየር ታንክ ለእርሱ ትሰጠዋለች፤ እርሱ ይነቃል፣ እርሷ አትነቃም። ዘውዱንም አንርሳ፤ የዶክተሩ ኃይል በሙሉ ከራሱ ያልመነጨ፣ ሌላ ሰው ሠርቶት እርሱ ያነሣው ነገር ነው።

«ኬቭ ስቶሪ» ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የተሰጠህን ስትወስድ የሰጠህ ምን አጣ? በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ዕቃ ማግኘት ንጹሕ ትርፍ ነው። ሣጥን ይከፈታል፣ ደስታ የሚገልጽ ዜማ ይሰማል፣ ነገሩ አለቀ። እዚህም ሣጥኑና ዜማው አሉ፤ ዋጋው ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ቡስተር 0.8 የዚህ ሰንሰለት አንድ ቀለበት እንጂ ከሰማይ የወረደ ወጥመድ አይደለም። በእኔ ንባብ ፕሮፌሰሩ ሳያናግሩት ሲያልፉት የሚተርፈው መሣሪያው በራሱ እጅ ስለቀረ ነው፤ ተጫዋቹ ሲወስድበት መውጫውን ይወስድበታል። ጨዋታው ይህን በቃላት አያብራራም። ሆኖም አምስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ክፍል ብቻውን የሠራ ሰው እነዚህን ሁሉ ልውውጦች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ቅርጽ አስያዛቸው ማለት ይከብደኛል።

ይህን ካልሁ በኋላ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። እንደ እንቆቅልሽ ካየነው የቡስተር ምርጫ ፍትሐዊ አይደለም። መጀመሪያ የሚጫወት ሰው ማናገር እንደሚገድል የሚያውቅበት ምንም ምልክት የለም፤ ዝላዩም ከባድ ስለሆነ ገደሉ መታለፍ የሚችል መሆኑን ብዙዎች አይጠረጥሩም። እኔ በፈጣሪው ቦታ ብሆን አንዲት ትንሽ ፍንጭ አኖር ነበር። ነገር ግን ይህን ያላየ ሰው የተቆረጠ ጨዋታ አይደርሰውም። ዶክተሩ ይሸነፋል፣ ታሪኩም በቂ ፍጻሜ ያገኛል። የጎደለው ነገር እንዳለ የሚሰማው ሰው ሁለተኛ ጊዜ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ የሚወድቀውን ሰው እያየ፣ ምን እንደሚያደርግ አውቆ ይወስናል። ጨዋታው በአንድ ቁጭታ ተጨርሶ እንዲቀመጥ አልተሠራም።

አምስተኛው ነጥብ፣ ታሪኩ ስስ ነው የሚለው፣ ከላይ በተባለው ግማሹ ተመልሷል። ጸሐፊው ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድም ቃል አለመናገሩን እንደ ጉድለት ያነሣሉ። እኔ ግን የቶሮኮን ሞት እንዲያስታውሱ እጠይቃለሁ። ቶሮኮ በመንደሩ መጀመሪያ ላይ የምናገኛት ፈሪ ሚሚጋ ናት፤ ሱ የተባለችው ልጅ ናት ተብላ በስሕተት ትወሰዳለች። በኋላ ዶክተሩ ቀይ አበባውን በግድ ያበላትና አብዳ ትነሣለች፤ ተጫዋቹም በገዛ መሣሪያው ተዋግቶ ይጥላታል። ኪንግ የሚሞተውና ሰይፉን የሚተወው በዚሁ ቦታ ነው። ያ ሰይፍ ደረጃ 3 ሲደርስ የኪንግ መንፈስ በስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ ይቆርጣል። አንድ መሣሪያ ሐዘኑን በዚህ መጠን ተሸክሞ ሲሄድ ጀግናው እንዲናገር የምንፈልገው ምኑን ነው? ሰይፉን በኔሜሲስ የለወጠ ተጫዋች ደግሞ ያን መንፈስ ዳግመኛ አያየውም፤ ጨዋታውም ስለዚህ አይወቅሰውም።

የሁለቱ ሮቦቶች ያለፈ ታሪክም የሚገለጠው ከርሊን ላዳነና ትዝታዋን ለመለሰላት ብቻ ነው። ቀድሞ ወደ ደሴቲቱ ተልከው ሚሚጋዎችን የፈጁ ሮቦቶች ነበሩ፤ ተጫዋቹም እስከዚያ ድረስ ራሱ ከእነርሱ አንዱ ይሁን አይሁን አያውቅም። ሁለቱ የመጡት ዘውዱን ለማጥፋት እንደ ነበር የሚሰማው ከእርሷ አፍ ነው። ይህን ቁልፍ መረጃ ለሁሉም ሳይናገር መተው ድፍረት ነው። ጄንካ የተባለችውን አሮጊት አምስት ቡችሎች እየፈለጉ በአሸዋው ክፍል መንከራተት አሰልቺ ነው ባሉት ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ ከመላው ጨዋታ የላላው ክፍል እርሱ ነው። ግድግዳ እየሰበረ ለሚገባው ባልሮግ ለተባለው ሣጥን መሳይ ጠላት ምንም ቦታ አለመስጠታቸው ግን ያስተዛዝባል። በመጨረሻው ፍጻሜ ተጫዋቹን ከሚፈርሰው ስፍራ ይዞ የሚበር እርሱ ነውና።

የቀረው የእትሞቹ ጉዳይ ነው። ኒካሊስ የተባለው ኩባንያ ጨዋታውን በ2010 በኒንቴንዶ ዊ አወጣው፤ በ2011 «ኬቭ ስቶሪ ፕላስ» ለኮምፒውተር፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ባለ ሦስት ገጽታው እትም ለኒንቴንዶ 3ዲኤስ፣ በ2017 ደግሞ ፕላስ ለስዊች ደረሰ። ባለ ሦስት ገጽታው እትም የጸሐፊውን የመጀመሪያ ክስ ሳያስበው ይፈትነዋል። ድህነት ነው የተባለው ሥዕል በሀብታም ሥዕል ተተካ፤ ውጤቱ ግን የወለሉ ጫፍ የት እንደሚያልቅ ለዓይን የሚያስቸግር፣ ጥይትና ጌጥ የሚደባለቁበት ሆነ። ፕላስ የተሻለ ነው፤ የድሮውን ሥዕልና ሙዚቃ መርጦ መጫወት ይቻላል፤ ጉዳቱን የሚያቀል ደረጃ አለው፤ የሕይወት ማሳደጊያዎቹን ሁሉ ነፍጎ በሦስት ነጥብ ሕይወት ብቻ የሚያስጨርስ ከባድ ደረጃም አለው። ለጀማሪ ቀላሉን ደረጃ መምረጥ ይሻላል የሚለው የጸሐፊው ምክር ተገቢ ነው፤ የመጨረሻው ስውር አካባቢ ያለ ማስቀመጫ ነጥብ እስከ መጨረሻው ባላንጣ እስከ ባሎስ ድረስ የሚዘልቅ ስለሆነ በዋናው እትም ብዙ ሰው እዚያ ተስፋ ይቆርጣል።

ዋናውን እትም መጫወት ከንቱ ድካም ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የ2004ቱ ጨዋታ ያኔም ነፃ ነበር፣ ዛሬም ነፃ ነው፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለማግኘት በሚያስቸግርበት እንደ አገራችን ባለ ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፕላስን ገዝተው መጫወት የሚችሉት ይግዙ፤ የማይችሉት ደግሞ የሚያወርዱት የተቆረጠ ናሙና ሳይሆን አማያ አምስት ዓመት የደከመበት ሙሉ ሥራ ነው፤ ላቢሪንቱም፣ ቡስተርም፣ የከርሊ የአየር ታንክም ሁሉ በውስጡ አሉ።